ነጠላውን ያዘቀዘቀው ወታደር

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ላለፉት ዓመታት ደሴ ውስጥ፣ ሮቢት አካባቢ ባለው ቤታችን፣ መስኮት ሥር ባስቀመጥኋት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ስለሠራሁት የፕላስቲክ ወታደሮች ጦር ነው። ጦር ስላችሁ በሺህ የሚቆጠር አይምሰላችሁ፤ እስካሁን ቀለማቸው ያለቀላቸው 84 ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከእግር እስከ ዓይን ሲለኩ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆኑ፣ ሁሉም በሁለት የጫማ ካርቶን ውስጥ ተሰልፈው ያድራሉ። የሰፈራችን ልጆች «የአሻንጉሊቱ ሰውዬ» ይሉኛል፤ ስሙን ከተቀበልሁት ቆይቻለሁ።

እንዲህ ያለ ጦር የሚሠራለትን የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሁለት ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ጫማ በ4 ጫማ በሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ኮረብታና ወንዝ ሠርተው ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ በተራ እየተንቀሳቀሱ ርቀቱን በሜትር ይለካሉ፤ ጥይቱ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይስ ይፈርዳል። ሥሩ የቆየ ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ መኮንን አባቱ የጀመረውን የጦር ጨዋታ በካርታና በዳይስ አሻሽሎ አወጣው፤ የፕሩሲያም ጦር መኮንኖቹን ያሠለጥንበት ጀመር። ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው ዋርሀመር የሚባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተፈጠረ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ሥራ ጨዋታው ጥቂቱ ነው። ውጊያው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ጦሩን መገጣጠምና መቀባት ግን ዓመታት ይፈጃል። እኔ እንዲያውም ጨዋታው ለመቀባት የተገኘ ሰበብ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ።

የመረጥሁት ጦር ከዚሁ ከደሴ የወጣው ነው። ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መውረዱን በሰሙ ጊዜ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ተነሡ፤ ራሳቸውም ተማረኩ። ዐድዋን ለምን አልሠራህም የሚሉኝ ሞልተዋል። ዐድዋ ላይም ሚካኤል፣ ያኔ ገና ራስ ሳሉ፣ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ነበሩ፤ ክብሩ አይጎድልም። ነገር ግን ዐድዋን ሁሉም ሰው ይሥለዋል፣ ሁሉም ሰው ይዘፍነዋል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽን እያየሁ ያደግሁ፣ በሸዋ በር የማልፍ ሰው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ወጥቶ የሄደበትን ዘመቻ የሚያስታውስ አንድም ሥዕል በሰፈሬ ግድግዳ ላይ ስላላየሁ እሱን መረጥሁ።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ውጭ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ በሻንጣው ያመጣልኝ የፕላስቲክ ወታደር አውሮፓዊ ነው። የናፖሊዮንን ጦር ለሚቀባ ሰው የየክፍለ ጦሩ አንገትጌና ቁልፍ ሳይቀር ተጽፎ፣ ተሥሎ ይጠብቀዋል። የእኛ ዘማች ግን ብዙውን ጊዜ ከቤቱ የለበሰውን ለብሶ፣ ስንቁን ይዞ የወጣ ሰው ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ከለበሱ ያ በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ወታደር ባርኔጣ በምላጭ ቆርጬ፣ ኮሌታውን በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣ ፀጉሩን ኢፖክሲ ከሚባለው፣ እንደ ጭቃ ተቦክቶ ሲደርቅ ከሚጠነክረው ማጣበቂያ፣ በመርፌ ጫፍ እየወጋጋሁ አወጣሁለት።

ጋቢው ሶፍት ነው። አትሳቁ፤ ሶፍት ድርብ ስለሆነ አንዱን ስስ ገጽ ትለያላችሁ፤ 2 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ፤ በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክራችሁ በወረንጦ ትከሻው ላይ ትጥሉታላችሁ። ለጥቂት ደቂቃ ያህል እንደ እውነተኛ ጨርቅ ስለሚታዘዝ እጥፋቱን በስቴኪኒ ታበጃላችሁ፤ አድሮ ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ይጠነክራል። ጋሻው ክብ ክኒን ከሚታሸግበት ፕላስቲክ የተቆረጠ ነው፤ ጎበጥ ያለው ገጹ ያለ ብዙ ድካም ጋሻ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ማንም ታሞ ክኒን ሲጨርስ ማሸጊያው የሚጠራቀምበት ጣሳ አለ፤ እናቴ «ልጄ የሰው በሽታ ለቃሚ ሆነ» ትላለች። ጠመንጃውን ግን እንዳለ ተውሁት። ስሙን በ1874 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ የወሰደው ውጅግራም፣ ምንሽሩም፣ ሌላውም በዚያ ዘመን አገራችን ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኝ ስለነበር፣ በዚህ ቁመት ልዩነቱን የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ።

ከመገጣጠም ቀጥሎ መነሻ ቀለም ይመጣል፤ ያለ እሱ ቀለም በፕላስቲክ ላይ አይዝም፣ በጣት ሲነካ ይላጣል። በመጀመሪያው ክረምት፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖት በዋለበት ቀን፣ በረንዳ ላይ ሆኜ 20 ወታደር በስፕሬይ ረጨሁ። እርጥብ አየር ለስፕሬይ ጠላት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሲደርቅ ሁሉም አመድ የተነፋባቸው መሰሉ፤ ዓይንና አፍንጫቸው በሻካራ ዱቄት ተደፈነ። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑን ታቅፌ ኮምቦልቻ ወደሚኖረው ጓደኛዬ እወርዳለሁ። ሐረጎን በሚኒባስ ስንወርድ በየጠመዝማዛው ካርቶኑን አጥብቄ ስይዝ ያየ አንድ ረዳት «ጋሼ፣ ቶርታ ነው እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል። የኮምቦልቻም አየር የራሱ ጣጣ አለው፤ በቀትር ከተረጨ ቀለሙ ወታደሩ ዘንድ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ እንቆምና ሁሉንም በጥቁር እንረጫለን፤ ሲደርቅ ነጩን ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ ፀሐይ አናት ላይ እንደ ቆመች አድርገን እንጨምራለን። ብርሃን የሚያርፍበትና ጥላ የሚያድርበት ቦታ ያን ጊዜ በራሱ ይለያል።

አሁን ወደ ነጩ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። የወሎ ጦር ነጭ ለባሽ ነው፤ ነጭ ደግሞ ከቀለም ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ከጠርሙሱ ወጥቶ በቀጥታ የተቀባ ነጭ ጨርቅ አይመስልም፤ ኖራ ይመስላል። ያ ሁሉ የሶፍት እጥፋት ይጠፋና ሰውየው የተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ነጭ ልብስ የሚጀመረው ነጭ ካልሆነ ቀለም መሆኑን ለመረዳት 15 ያህል ወታደር አበላሽቻለሁ። አሁን መጀመሪያ ያልታጠበ ፈትል የመሰለ ቡኒ ቢጤ እቀባለሁ፤ ቀጥዬ ውሃ የበዛበት ቡናማ አፈስበታለሁ፤ ቡናማው ከጉብታው ላይ እየሸሸ በእጥፋቱ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀለም በነጭ እያነጣሁ፣ ሁልጊዜም አጓት እስኪመስል አቅጥኜ፣ ጥላውን ሳልነካ ሦስት አራት ጊዜ እደራርባለሁ። ንጹሑ ነጭ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም በትከሻው ጫፍና በእጥፋቱ ጀርባ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይሰመራል። ለአንድ ጋቢ 40 ደቂቃ ይሄዳል።

ነጭም ቢሆን አንድ አይደለም። አዲስ ጋቢ ወደ ቅቤ ያዘነብላል፤ ብዙ የታጠበው ወደ አመድ ይሄዳል፤ በጭስ ቤት የከረመው ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከደሴ እስከ ሰገሌ በእግሩ የተጓዘ ሰው የሱሪው ጫፍ ሊነጣ ስለማይችል፣ ብሩሹን ቀለም ነክሬ፣ በጨርቅ ጠርጌ ሊደርቅ ሲል ከጉልበት በታች አሻሸዋለሁ፤ አቧራው እዚያ ያርፋል። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ልብሱን የጨረስሁት መሰለኝ።

አልጨረስሁትም። አንድ ጊዜ አክስቴ ከሐይቅ መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። እድሜያቸውን ሁሉ ጥጥ የፈተሉ ሴት ናቸው። እኔ በዚያ ሰሞን ነጠላ የለበሱ 12 ዘማቾች ጨርሼ፣ በቀይ ጥለት አሳምሬ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አሰልፌ እኮራባቸው ነበር። ጥለቱን የሠራሁት አንገታቸው ዙሪያ ነው፤ ምክንያቴም የታችኛው ጫፍ እጥፋት ስለሚበዛበት መሥመሩ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረኝ፣ አንገቱ ግን ለብሩሹ ስለሚመች ብቻ ነበር። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን በሁለት ጣታቸው አነሡና ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ሰው ማን ሞቶበት ነው?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተበትም እትዬ፤ ገና ወደ ጦርነት እየሄደ ነው» አልኋቸው።

«ታዲያ ነጠላውን ምን አስዘቀዘቀው?»

ሌሎቹንም ተራ በተራ አነሧቸው። 12ቱም ለቅሶ ቤት የሚሄዱ ሆነው ተገኙ። ይህ አልበቃ ብሎ ከፊት ያቆምሁትን፣ ገና ያልተቀባውን ንጉሥ ሚካኤልን ጠየቁኝና ማንነታቸውን ስነግራቸው ከልባቸው ተቆጡ፤ «በንጉሥ ፊት ተከናንቦ ይቆማል እንዴ? ያደግድግ እንጂ!» ብለው የራሳቸውን ነጠላ ደረታቸው ሥር አዙረው አሳዩኝ። እኔ ስለ ነጭ ቀለም ያልሰማሁት ትምህርት አልነበረም፤ በኢንተርኔት የእንግሊዞችን፣ የስፔኖችን መላ ሁሉ ሞክሬአለሁ። ከእነዚያ አንዳቸውም መከናነብን ከማደግደግ፣ ማጣፋትን ከማዘቅዘቅ ለይቶ ሊነግረኝ አይችልም ነበር። እኔ የጨርቁን ጥላ ሳሳድድ፣ ጨርቁ ራሱ የሚናገረውን አልሰማሁትም። ያውም ባለ ነጠላ ሰዎች መካከል አድጌ።

11ዱን አስተካከልሁ። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ፤ ጥለቱን ወደ ታች አወረድሁ፤ ለንጉሡ የሚቀርቡትን አራት ሰዎች የሶፍት ነጠላቸውን ልጬ አዲስ አደገደግሁላቸው። 12ኛውን እንደ ተዘቀዘቀ ተውሁት። ለጓደኛዬ ስንፍና ነው ብዬዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው።

ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደጃችን ድረስ መጥቶ እያየኸው እንዴት በጦርነት ትጫወታለህ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። መጫወቱን ገና አልጀመርሁትም። በዚያ ሰሞን ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ወራት ብሩሽ አልጨበጥሁም። ስመለስ መጀመሪያ ያነሣሁት ያንን ነጠላውን ያዘቀዘቀውን ሰው ነው፤ እሱን ሳየው የምጨምርበትም የምቀንስበትም አጣሁ። ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

አሁን የቀሩኝ ፈረሰኞቹ ናቸው፤ 24 ፈረስ ኮርቻ ሳይጫን ተደርድሮ ይጠብቀኛል። የሸዋን ጦር የሚሠራው የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ሲሆን እሱም 60 ያህሉን ጨርሷል። በመጪው ጥቅምት 17 ሁለቱን ጦር እሱ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማገናኘት ተቀጣጥረናል። አክስቴም ይህን ሰምተው፣ የሸዋዎቹን አለባበስ ለማየት አብሬህ እወርዳለሁ ብለዋል። ለጓደኛዬ እስካሁን አልነገርሁትም።