የስድስት ደቂቃው በረራ ምርመራ ለምን ዓመታት ፈጀ

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ንግግርህ አጭርና ጣፋጭ ይሁን ተብያለሁ። አጭሩን እሞክራለሁ፤ ጣፋጩን ኬኩ ይተካዋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ በረራ ቁጥር 302፣ ከቦሌ ተነሳ፤ ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንድ ሰውዬ፣ አውሮፕላንን ከመሳፈር ውጪ የማያውቅ ሰውዬ፣ ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ «ካፒቴኑ ልጅ ነው አሉ፤ ደንግጦ ነው» አለ። አጠገቡ ያሉት «ይሆናል፣ ይሆናል» አሉ። አዎ፣ ካፒቴኑ የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ከ8,000 ሰዓት በላይ መብረሩንስ ማን አነሳ? ማንም! ልናገር አልኩና ለቅሶ ነው ብዬ ዋጥኩት። ዛሬ ግን አልውጠውም።

እሱስ ሐዘንተኛ ነው፣ ይታለፋል። ዋሽንግተን ላይስ? በዚያው ግንቦት ጉዳዩ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲሰማ፣ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ይወጣው ነበር ተባለ። ምርመራው ገና ሁለት ወሩ ነበር! የሞተ አብራሪ ቆሞ መልስ አይሰጥም። መልስ የሚሰጥለት ምርመራው ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን ዘገየ?» ትሉኛላችሁ። ዳታው አልዘገየም። የበረራውን ዳታና ድምፅ የያዙት መቅጃዎች ፈረንሳይ ሄደው በቀናት ውስጥ ተነበቡ፤ የመጀመሪያው ሪፖርትም ወር ሳይሞላው ወጣ። የግራው አንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር (ወላጆች፣ ክንፉ አየሩን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም የሚለካው ነው) ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ 74.5 ዲግሪ ደረሰ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ያው አውሮፕላን፣ ያው አየር! ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የግራውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። እዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ።

ሴንሰሩ ለምን ዋሸ? ዓመታቱ ያለቁት እዚህ ላይ ነው። የእኛ መርማሪዎች የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ወፍ ሳይመታው አልቀረም አለ። አውሮፕላኑ 10 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ብትንትኑ ወጥቷል። እስቲ ሄዳችሁ ጠይቁት! በዚያ ላይ የመጨረሻው ሪፖርት ረቂቅ ለሚመለከታቸው አገሮች ይላካል፤ አስተያየት መስጫው 60 ቀን ነው። የመጨረሻው ሪፖርት የወጣው ታኅሣሥ 2015 ነው። ያኔም ክርክሩ አልበረደም፤ አሜሪካኖቹ አስተያየታችን በወጉ አልተካተተም ብለው ራሳቸው አሳተሙት። እንደ ደንቡ መካተት ነበረበት፤ ይህን ስል የእኛ ሰዎች ቅር እንዳይላቸው።

«እስከዚያው ሌላ ሰው ቢሞትስ?» ለሚለውም መልስ አለ። ማክስ በቀናት ውስጥ በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ ነበር። ለማገድ የመጨረሻው ሪፖርት አይጠበቅም። ለመፍረድ ግን ይጠበቃል።

ስለ ሰነድ አያያዝም ላወራችሁ አስቤ ነበር። ብቻ የምትፈርሙበትን ወረቀት አንድ ቀን መርማሪ ያነበዋል፤ ጽሑፋችሁ ይነበብ።

ዲፕሎማው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ ዓይናችሁም እዚያው ነው። እንኳን ደስ አላችሁ።