«እምነቴ ጠፋ» ወይስ «እምነቴ ጠፋች»?

እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ለአንድ አጭር ልብ ወለድ ብላችሁ ከቤት መውጣታችሁ ራሱ ደስ ይላል። አመሰግናለሁ።

ታሪኩ «ያንግ ጉድማን ብራውን» ይባላል። አሜሪካዊው ናትናኤል ሆውቶርን በ1835 ያሳተመው ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ጉድማን» የሰውዬው ስም እንዳይመስላችሁ። ታሪኩ በሚፈጸምበት ዘመን ለተራ አባወራ የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ የኛን «አቶ» በሉት። ቃል በቃል ግን «ጥሩ ሰው» ማለት ነው። ደራሲው ተንኮለኛ ነው።

ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሳሌም የምትባል የፒዩሪታኖች፣ ማለትም የጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መንደር ነው። ብራውን ካገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። ሚስቱ ፌዝ ትባላለች፤ እምነት ማለት ነው። ቆቧ ላይ ሮዝ ሪባን አስራለች። ጀምበር ስትጠልቅ «የዛሬን እንኳ ከእኔ ጋር እደር» ብላ ትለምነዋለች። እሱ ግን ጫካ ውስጥ ቀጠሮ አለበት። ከማን ጋር እንደሆነ ልቡ ያውቃል። «ለዛሬ ሌሊት ብቻ ነው» ይላል ለራሱ፣ «ከዚያ በኋላ ቀሚሷን ይዤ መንግሥተ ሰማይ እገባለሁ።» ስንቶቻችን በዚህች «ለዛሬ ብቻ» ተሸውደናል!

ጫካው ውስጥ የሚጠብቀው ሰው እባብ የመሰለ በትር ይዟል። መልኩ ደግሞ ከብራውን ጋር ይመሳሰላል፤ አባትና ልጅ ቢባሉ ያስኬዳል። ብራውን «የእኔ አባቶች እንዲህ ያለ መንገድ አልሄዱም» ብሎ ሊኮራ ይሞክራል። ሰውዬው ይስቃል። አያትህ የኩዌከሯን ሴት፣ ፒዩሪታኖቹ የሚያሳድዱት የሌላ ክርስቲያን ወገን አማኝ የሆነችውን፣ በሳሌም ጎዳና ሲገርፍ ያገዝኩት እኔ ነኝ ይለዋል። አባትህ የኢንዲያኖችን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን መንደር ሲያቃጥል እሳቱን ያቀበልኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ አንድ በአንድ ይመጣሉ። በልጅነቱ ሃይማኖት ያስተማረችው አሮጊቷ ጉዲ ክሎይስ («ጉዲ» የ«ጉድማን» የሴት አቻ ናት፤ «ወይዘሮ» በሏት)። ዲያቆኑ። ቄሱ። ሁሉም ወደ ሰይጣን ጉባኤ እየሄዱ ነው። በመጨረሻ የሚስቱን ድምፅ ከሰማይ ከደመና ውስጥ የሰማ ይመስለዋል። አንዲት ነገር እየተንሳፈፈች ወርዳ ቅርንጫፍ ላይ ትያዛለች። ቀጨም ያደርጋታል፤ ሮዝ ሪባን። ያኔ ነው «ማይ ፌዝ ኢዝ ጎን!» ብሎ የሚጮኸው።

ልተረጉመው ሞክሬ የተሸነፍኩት እዚህ ጩኸት ላይ ነው። መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። እምነት የምትባል ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም፤ ስሙ ራሱ ተርጉሞልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ግሱ ላይ ስደርስ ግን አማርኛ ምረጥ አለኝ። «እምነቴ ጠፋ» ካልኩ ሃይማኖቱ ነው። «እምነቴ ጠፋች» ካልኩ ሚስቱ ናት። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ይላል። ደራሲው የፈለገው ደግሞ ያንኑ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ጉባኤው ላይ ብራውንና ሚስቱ ሊጠመቁ ቆመዋል። ዓለቱ ጎድጓዳ ላይ ያለው ነገር ቀይ ነው፤ ውሃ ይሁን ደም አይታወቅም። ብራውን «ወደ ሰማይ ቀና በይ!» ብሎ ይጮኻል። ወዲያው ሁሉም ነገር ይጠፋል። ብቻውን ነው። እሳት ሲነድበት የነበረ ቅርንጫፍ ቀዝቃዛ ጤዛ ጉንጩ ላይ ይረጫል።

ጠዋት መንደር ሲገባ ሚስቱ ከሩቅ ታየዋለች። በደስታ እየዘለለች ትመጣለች፤ ሰው ፊት ልትስመው ምንም አልቀራት። እሱ በኀዘን ኮስተር ብሎ አይቷት፣ ሰላም እንኳ ሳይላት ያልፋል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተውሉ። ሪባኗ ቆቧ ላይ አለ። ማታ በእጁ የያዘው ማስረጃ ጠዋት ራሷ ላይ ነው ያለው። ዓይኑ አይቶታል። ግን አልጠየቃትም። «የት አደርሽ?» የምትል አንዲት ቃል አልወጣችውም። ሕልም ይሁን እውነት ደራሲው አይነግረንም፤ ብራውን ግን ፈርዶ ጨርሷል።

ይህን ለመረዳት 1692ን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሳሌም ውስጥ 19 ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው ተሰቀሉ። አንድ ሽማግሌ በድንጋይ ክምር ተጭነው ሞቱ። ፍርድ ቤቱ ከተቀበላቸው ማስረጃዎች አንዱ «መንፈሷ መጥታ አነቀችኝ» የሚል ምስክርነት ነበር። ተከሳሿ ቤቷ ተኝታ ብትሆንም ከሳሿ መንፈሷን አይቻለሁ ካለ እንደ ማስረጃ ይያዝባት ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ጆን ሃቶርን ነው፤ የደራሲያችን የአያቱ አያት። ደራሲው በኋላ ስሙ ውስጥ አንዲት ፊደል ጨምሮ ነው የሚጽፈው። ከዳኛው ለመራቅ ነው የሚሉ አሉ።

ጉዲ ክሎይስም የፈጠራ ስም አይደለችም። ሳራ ክሎይስ የምትባል ሴት በዚያው ዓመት ተከሳ ታስራለች። ሁለት እህቶቿ ተሰቅለዋል። እሷ ተርፋለች። እንግዲህ ደራሲው ይህችን ንጹሕ ሴት መልሶ ጫካ ውስጥ አቆማትና፣ እኛም በብራውን ዓይን አይተን «አይ አሮጊቷ!» አልን። እኔ ብያለሁ። ሁለተኛ ሳነበው ነው ያፈርኩት።

ጠዋት ጉዲ ክሎይስ ደጇ ላይ ቆማ አንዲት ትንሽ ልጅ ሃይማኖት ታስጠናለች። ልጅቷ ወተት ይዛላት የመጣች ናት። ብራውን ልጅቷን ከሰይጣን እጅ እንደሚያስጥል ሰው መንጭቆ ይወስዳታል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሃይማኖቱን ያጣ ሰው ታሪክ ይለዋል። እኔ ልክ አይመስለኝም። ብራውን እስከ እርጅናው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሰይጣን መኖሩን ከማንም በላይ ያምናል። መዝሙር ሲዘመር ግን መስማት አይችልም፤ ጆሮው ውስጥ የኃጢአት መዝሙር ይጮኻል። ቄሱ ሲሰብኩ ጣሪያው የሚደረመስ ይመስለዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ደንግጦ ሲነቃ ከሚስቱ እቅፍ ይሸሻል። ልጆችና የልጅ ልጆች አፍርቶ ነው የሞተው። መቃብሩ ላይ አንድም የተስፋ ቃል አልተጻፈም።

የኛ «እምነት» ሰው ማመንንም ይጨምራል አይደል? «ሰው ላይ እምነት የለውም» እንላለን። የጠፋበት ይሄኛው ከሆነ «ጠፋ» ማለት ይቻላል። ግን እሷ ጠዋት በሩጫ ስትቀበለው ትዝ ይለኝና «ጠፋች» የሚለውም ውሸት ይሆንብኛል። የትም አልሄደችማ።

ረቂቄ ላይ እስካሁን ሁለቱም ግሦች ተጽፈው ሁለቱም ተሰርዘዋል። የተሻለ ያገኘ ካለ ሻይ ስንጠጣ ይንገረኝ። አመሰግናለሁ።