ክረምቱ ሳይገባ

የተከበራችሁ የከተማችን አባቶችና እናቶች፣ በምድር ባቡር አገልግላችሁ ጡረታ የወጣችሁ ታላላቆቻችን፣ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የሰበሰበን አሮጌው የጣቢያ ኃላፊ ቤት ነው። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእኛም ከተማ የዚያ ጉዞ ልጅ ናት። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ሳይቀዳ ሩቅ አይሄድም። ውሃ መቅጃ ጣቢያ ተሠራ፣ ለጣቢያው ኃላፊ ይህ ቤት ተሠራለት፣ ሻይ የምታፈላ ሴት መጣች፣ ገበያው ተከተለ። እኛም ተወለድን።

ባለፈው ሳምንት ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። በበረንዳው በኩል፣ ከአሸንዳው ሥር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሲሚንቶ የተለሰነው ቦታ አብጧል። በጣቴ ስነካው እንደ ቂጣ ተገምሶ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነበር። ዝናብ ከጣለ እኮ ሦስት ሳምንት አልፎታል! የጥንቱ ልስን ኖራ ነው፤ ኖራ የጠጣውን ውሃ መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይፈረካከሳል። ያንን የለሰኑትን አልወቅስም፤ ቤቱን ሊያድኑ ነበር የደከሙት።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ሙዚየም ይሁን፣ ቤተ መጻሕፍት ይሁን የሚለውን ክርክር እወደዋለሁ፤ ግን ከክረምቱ በኋላ እንከራከር። አሁን የተቀደደው ቆርቆሮ ይቀየር፣ አሸንዳው ይጠገን፣ ሲሚንቶው ተነሥቶ ግድግዳው በኖራ ይለሰን። ይህም የቅርስ ባለሙያ አይቶትና ፈቃድ ተገኝቶ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚለው ይህንን ነው። ማመልከቻውን ነገ እንጻፍ፣ ሁላችንም እንፈርምበት።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሃዲድ ነው የሚያልፈው። በዚህ ግቢ የሚጫወቱ ልጆች የእኛን ሃዲድ የሚያውቁት ፍየል ሲሻገረው ነው። ጡረተኞቻችን ሆይ፣ የትኛው ክፍል ለምን ያገለግል እንደነበር፣ ደወሉ የት ተሰቅሎ እንደነበር ከእናንተ በቀር የሚነግረን የለም። ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዘን በረንዳው ላይ እንጠብቃችኋለን።

አሸንዳውን የደፈነውን ቅጠል መጥረግ ደግሞ ጥገና አይደለም፤ መሰላል ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።