አዴኖሲን ወንበር ሲያጣ

(ምስል፦ ብረት ምጣድ ላይ የሚቆላ ቡና)

ጠዋት ቡና ካልጠጣ ራሱን የሚፈልጠው ሰው አለ። እኔም አንዱ ነኝ። ተጠያቂዋ ካፌይን ናት፤ ኦርጋኒክ ሞለኪውል።

ኦርጋኒክ ሲባል ኬሚካል ያልነካው አትክልት ይታወሳችሁ ይሆናል። በኬሚስትሪ ግን ሌላ ነው። አጥንቱ ካርቦን የሆነ ሞለኪውል ማለት ነው። ካርቦንን አራት እጅ እንዳለው ሰው ቁጠሩት። በአንዱ እጅ ሌላ ካርቦን፣ በሌላው ሃይድሮጂን ወይም ናይትሮጂን ይይዛል። ሲያሻው ሰንሰለት፣ ሲያሻው ቀለበት ይሠራል። ስኳሩም፣ ቅቤውም፣ ዲኤንኤያችንም እንዲህ የተያያዘ ነው።

ካፌይን ከዲኤንኤ አንጻር ኢምንት ናት። 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጂን፣ 4 ናይትሮጂን፣ 2 ኦክስጅን። በቃ።

(ምስል፦ ካፌይንና አዴኖሲን ጎን ለጎን)

ታዲያ እንቅልፍን እንዴት ታባርራለች? ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ሞለኪውል ይጠራቀማል። የአንጎል ሴሎች ላይ የራሱ ወንበር አለው። እዚያ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይጫጫነናል። ካፌይን በቅርጿ እሱን ትመስላለች። ቀድማ ወንበሩን ትይዝበታለች። አዴኖሲን ሲደርስ ታክሲው ሞልቷል።

ልብ በሉ፣ ድካሙ አልጠፋም። በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

እንደ ሰዉ ቢለያይም፣ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። "እኔን ቡና ምንም አያደርገኝም" ለሚሉ ይድረስ።

ራስ ምታቱስ? ቡና ሲዘወተር አንጎል ወንበር ይጨምራል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር አዴኖሲን ያን ሁሉ ወንበር ባዶውን ያገኘዋል። የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ። ሐራራ የምንለው አንዱ መልኩ ይሄ ነው።

(ምስል፦ የድመት ዓይን)

ካፌይን የተገኘችው በድመት ሰበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1819 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ወጣት ኬሚስት ሩንገ፣ አንድ የመርዛማ ተክል ጭማቂ የድመት ዓይን ብሌን እንደሚያሰፋ ለታላቁ ገጣሚ ለጎተ አሳየው። ጎተ ተደነቀ። የቡና ፍሬ ሰጠውና እስቲ ይሄንንም መርምር አለው። ሩንገም ካፌይንን ለይቶ አወጣ።

ተክሉ ግን ለእኛ ብሎ አልሠራትም። ቅጠሉን የሚበሉ ነፍሳትን መከላከያው ናት።

(ምስል፦ ጀበና ሲቀዳ)

ካፌይን በፈላ ውኃ በደንብ ትሟሟለች። ስለዚህ አብዛኛዋ በአቦል ትወጣለች፣ ለቶና ትንሽ ይቀራል። እኛ ቤት ለልጅ የሚቀዳው በረካ ብቻ ነበር።