መስኮቱ ጋ የደረሱት፦ የናይሮቢው ኤምባሲ ፍንዳታ

(ምስል፦ ናይሮቢ፣ መሀል ከተማ)

የሞይ ጎዳናና በእኛው ንጉሥ ስም የተሰየመው የኃይለ ሥላሴ ጎዳና እዚህ ይገናኛሉ። ጥጉ ላይ ያለው መናፈሻ እስከ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ፈንጂ የጫነ መኪና ወደ ኤምባሲው የኋላ መግቢያ ተጠጋ። ጥበቃው መሣሪያ አልያዘም፤ ማገጃውን ግን አላነሣም አለ። ከመኪናው የወረደው ሰው የእጅ ቦምብ ወረወረ።

በዙሪያው ባሉት ሕንፃዎች የሚሠሩ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄዱ። ማን አይሄድ? ዋናው ፈንጂ የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። መስታወቱ ፊታቸው ላይ ረገፈ። ብዙዎች ዓይናቸውን ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አምባሳደሯ ፕሩደንስ ቡሽኔል በዚያ ሰዓት ጎረቤት ባለው የባንክ ሕንፃ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከመቀመጫቸው የተነሡት ከሁሉም ዘግይተው ነው፤ ቆስለው ተረፉ።

(ምስል፦ የፈረሰው ሕንፃ)

የኤምባሲው ሕንፃ ክፉኛ ቢጎዳም አልወደቀም። አጠገቡ የነበረውና የጸሐፊነት ሙያ ኮሌጅ ያለበት የኡፉንዲ ሕንፃ ግን ተደረመሰ። ናይሮቢ ላይ ከሞቱት 213 ሰዎች አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ናቸው። በዚያው ረፋድ ዳሬሰላም ላይ በሌላው የአሜሪካ ኤምባሲ 11 ሰዎች ተገደሉ። የሁለቱም ጥቃቶች ጠንሳሽ አልቃይዳ ነበር።

ያልታሰበ አደጋ ነበር እንዳንል፣ በ1975 ዓ.ም. የቤይሩቱ ኤምባሲ ከተመታ በኋላ ኤምባሲዎች ከመንገድ 30 ሜትር ያህል እንዲርቁ ተመክሮ ነበር። ቡሽኔልም የናይሮቢው ሕንፃ ለመንገድ ቀርቧልና ይቀየር ብለው ደጋግመው ጽፈዋል። ያገኙት መልስ በጀት የለም የሚል ነው።

ከ13 ቀናት በኋላ አሜሪካ አፍጋኒስታንንና በካርቱም የሚገኘውን የሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ በሚሳይል መታች። ፋብሪካው የኬሚካል መሣሪያ ግብዓት ያመርታል የሚለው ክስ እስከዛሬ እንዳከራከረ ነው። በ1994 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አራት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። አዲሱ ኤምባሲ ከመሀል ከተማው ርቆ ጊጊሪ ተሠራ።

የካሳው ገንዘብ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አልቃይዳን አስጠግታ ነበር የተባለችው ሱዳን ከአሜሪካ የሽብር ደጋፊዎች መዝገብ ለመውጣት 335 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ድርሻው የአሜሪካውያንና የኤምባሲው ሠራተኞች ሆነ። በመንገዱ ሲያልፉ የነበሩት፣ ያን ዕለት መስኮት ጋ የቆሙት ኬንያውያን ካሳ እየጠየቁ ዓመታት አልፈዋል።

(ምስል፦ በመናፈሻው ግድግዳ ላይ የተቀረጹት የሟቾች ስሞች)