«ቤት ለእንግዳ»፦ ከጎንደር እስከ ራስ ደጀን በእግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለጉዟችን በየኪሎ ሜትሩ ቃል የገባችሁ ወገኖች፣

እንኳን በደኅና መጣችሁ። ባለፈው ጥቅምት አሥራ አራት ሆነን ከጎንደር ተነሥተን፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን፣ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ገብተን፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ቆመናል። የተጓዝነው በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ላለው የነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ መሆኑን ታውቃላችሁ። የሂሳቡን ዝርዝር ገንዘብ ያዣችን ከእኔ በኋላ ያቀርባሉ። እኔ የምናገረው በመንገድ ላይ ስለ ተቀበሉን ሰዎች ነው፤ ከእነርሱ የተማርነው ነገር የገንዘቡን አወጣጥ እንድንለውጥ ስላደረገን፣ ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት ይገባኛል።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በሙያችን እናትን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶች አሉ እንላለን፤ እነርሱም ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት የሚያጋጥሙ መዘግየቶች ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ በስሜን ግን ከጎጥ ተነሥቶ መኪና መንገድ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ቦታ አለ። ማቆያ ቤት ያስፈለገውም ለዚህ ነው፦ ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ መጥታ፣ ምጥ እስኪይዛት ድረስ ከባለሙያ አጠገብ እንድትቆይ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 871፣ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ብዙ ተለፍቶበታል፤ የቀረውም ብዙ ነው። ምጡ ለቀናት ጸንቶባት ከሞት የተረፈችውም ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ያለ ቁጥጥር የሚያፈስ የወሊድ ጉዳት፣ ይዟት ልትቀር ትችላለች። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ወደ ከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ከሩቅ ገጠር ይመጡ ከነበሩት ሴቶች መካከል ለቀናት በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። እኛ ጤነኞች ሆነን፣ ጓዛችንን በበቅሎ አስጭነን የሄድነውን ዓይነት መንገድ እነርሱ ታመው ሄደውበታል።

በሁለተኛው ቀን አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ መሸብን፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብም ያዘን። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት መምህር ከአንድ አጥር ውጭ ቆመው «ቤት ለእንግዳ!» ብለው ተጣሩ። እኔ በከተማ ያደግሁ በመሆኔ ይህን ጥሪ ከአያቴ አፍ እንጂ በደጅ ቆሜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። ማን እንደ ሆንን፣ ከየት እንደ መጣን፣ ስንት እንደ ሆንን አልጠየቁም፤ አሥራ አራት መሆናችንን ያወቁት በበሩ ስንገባ ነው። ወዲያው ልጃቸውን ወደ ጎረቤት ላኩና በሦስት ቤት ተከፈልን። እኔ በቀረሁበት ቤት ውሃ ተሞቀ፣ ገበቴ ቀረበ፤ እኒያ እናት ጎንበስ ብለው እግሬን ሊያጥቡኝ ሲሉ አፈርኩና እግሬን ሰበሰብኩ። «መንገዱ ሳይወጣልሽ እንዴት እህል ትቀምሻለሽ?» አሉኝ። ከዚያ የሚፋጅ ሽሮ ተበላ፤ ቡናም ተፈላ። ስማችንን የጠየቁን ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነበር።

ከደባርቅ በኋላ ያለውን ውበት በቃል ለመግለጽ ጊዜውም ችሎታውም የለኝም። ከሳንካበር እስከ ግጭ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጓሳ እየነጩ የሚውሉት ጭላዳዎች፣ በጨነቅ ጉም ሲገለጥ በቋጥኝ ላይ ቆሞ የሚታየው ዋልያ፣ በብርዱ መካከል እንደ ምሰሶ የቆመው ጅብራ በዓይኔ ላይ ናቸው። ልናገር ወደ ወደድኩት ልመለስ።

የቧሂትን ተራራ ስናቋርጥ፣ ወደ 4,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንዱ ወጣት ጓደኛችን ራሱን እያመመው ያስመልሰው ጀመር፤ አረማመዱም ተፋለሰ። የከፍታ ሕመም ነበር። መድኃኒቱ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቆላው መውረድ ነው፤ የጭነት በቅሎዎቻችን ግን ቀድመውን ርቀዋል። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ገብስ በበቅሎ ጭነው ከታች ወደ ገበያ ይወጡ ነበር። ነገሩን ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ ጭነታቸውን አራገፉ፣ ገብሱን ከድንጋይ ሥር አስጠጉ፣ ልጁን በበቅሎው ላይ ደግፈው አስቀመጡና የመጡበትን ዳገት ቁልቁል እስከ ጭሮ ለባ መንደር ተመለሱበት። ማታ ልጁ አገግሞ ሲቀመጥ ገንዘብ አዋጥተን ሰጠናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «ገበያው እንደሁ በሳምንቱ ይመለሳል» አሉን፤ ራት እንኳ ሳይበሉ ገብሳቸውን ፍለጋ በጨለማ ወጡ።

ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርደን፣ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ወጣን። ባደርንበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ቃሬዛ ተደግፎ አየሁ፤ እጀታው ከብዙ እጅ የተነሣ ለስልሷል። አዛውንቱ ባለቤት አሠራሩን አስረዱኝ። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ጥሪ ይሰማል፤ ከየቤቱ አንድ ጎልማሳ ይወጣል፤ አራት ሲሸከሙ ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ፣ በየዳገቱም ይቀባበላሉ። ያልወጣ ሰው በእድሩ ይቀጣል። ከባልዋ ጋር ተጣልቶ ለዓመታት የማይነጋገር ሰው እንኳ ትከሻውን ይሰጣል አሉኝ። በአምባ ጊዮርጊስ ያየሁትን ደግነት የአንዲት እናት የልብ ስፋት አድርጌ ወስጄው ነበር። አምቢቆ ላይ ግን እንግዳ መቀበልና የታመመ መሸከም በዚያ አገር የተደነገገ ሥርዓት መሆኑን ተረዳሁ፤ ሰው ደስ ባለው ቀን ብቻ የሚያደርገው ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ማቆያ ቤታችን የሚከብደኝን ልናገር። ቤቱ የብረት አልጋና የሲሚንቶ ወለል አለው፤ ሆኖም ከመጡት እናቶች ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ሌሊት አድረው ሳይወልዱ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። በየሪፖርቱ ላይ ምክንያቱን «የግንዛቤ ማነስ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጭሮ ለባ ላይ ያገኘኋት አንዲት እናት ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ለምን እንደ ተመለሰች ስጠይቃት፣ «ሌሊት ይበርዳል፤ የምትከተለኝ አማቴ መተኛ አጥታ በረንዳ ላይ አደረች፤ ቡና እንኳ የሚያፈላ አልነበረም። ሰው ቤት ገብቼ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እግሬን አጥቦ ያሳደረኝ ሕዝብ ወደ እኔ ቤት ሲመጣ እኔ በዚያ መልክ ተቀብዬዋለሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው ከተመለስን በኋላ ዕቅዱን ለውጧል። ለቀለምና የሰጪዎችን ስም ለሚይዝ የእብነ በረድ ሰሌዳ ታስቦ የነበረው ገንዘብ ወደ ማድ ቤት ዞሯል፤ ምጣድ፣ ጀበናና ስኒ፣ ማገዶ፣ የሞቀ ውሃ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአስታማሚና ለሕፃናት ልጆች የሚሆን ክፍል ይሟላበታል። ስማችሁ በድንጋይ ላይ እንዲጻፍ ቃል የገባንላችሁ ወገኖች ይቅርታ እንድታደርጉልን እጠይቃለሁ። ይህንንም የምጠይቀው እኒያ ባለ በቅሎ ስማቸውን ሳንይዝ በጨለማ እንደ ሄዱብን እያሰብኩ ነው።

በመጨረሻ፣ ከዚህ አዳራሽ በር አጠገብ የተቀመጠውን ስልቻ ሳታዩት አልቀራችሁም። ከአምቢቆ ስንነሣ ከየቤቱ በእፍኝ በእፍኝ ተዋጥቶ በበቅሎአችን ላይ የተጫነ ገብስ ነው፤ «ለሚወልዱት» ብለው ነው የሰጡን። ነገ ጠዋት ወፍጮ ቤት ይወሰዳል፤ ከነገ ወዲያ ጤና ጣቢያው ይገባል። ዛሬ በማቆያው አራት እናቶች አሉ፤ አንዷ ከመሸሃ ማዶ የመጣች ናት። ገንፎዋን የሚያገነፉላት አማቷ ትናንት ማታ ደርሰዋል፤ መተኛቸው ተነጥፎላቸዋል፣ እግራቸውም ታጥቧል።

እግዚአብሔር ይስጥልን።