ቅቡዕ፦ ከአንዲት ሕፃን ክርስትና በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው እሑድ ክርስትና አነሳሁ። የቅርብ ጓደኛዬ ልጅ ናት፣ 80 ቀኗ ሞልቶ። ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከጥምቀቱ በኋላ ቄሱ ሜሮኑን አመጡና ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ጆሮዋን፣ እጇን፣ እግሯን ቀቧት። ስታለቅስ የነበረችው ልጅ ዝም አለች። የክርስትና ስሟ ወለተ ክርስቶስ ተባለ።

ቤት ስገባ የሜሮኑ ሽታ ነጠላዬ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። «ክርስቶስ» የሚለውን በቀን ስንቴ እጠራለሁ? ስጸልይ፣ ስደነግጥ፣ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ። ግን እስከ ዛሬ የምጠራው እንደ አባት ስም ነበር። ኢየሱስ የራሱ ስም፣ ክርስቶስ ደግሞ ከኋላው የሚከተል ስም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በመልእክቶቹ አንዴ «ኢየሱስ ክርስቶስ» ይላል፣ አንዴ «ክርስቶስ ኢየሱስ»። የአባት ስም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገላበጥም። ማዕረግ ነው።

መሲሕ በዕብራይስጥ «የተቀባ» ማለት ነው። በግሪክ ክርስቶስ፣ በግዕዝ ቅቡዕ። እንድርያስ ወንድሙን ስምዖንን አግኝቶ «መሲሕን አግኝተናል» ሲለው፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ወዲያው ትርጓሜው ክርስቶስ ነው ብሎ ያስረዳናል። በግሪኩ አዲስ ኪዳን ውስጥ መሲሕ የሚለው ቃል እንዳለ የተጻፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ እዚህ ነው። ሌላው ሳምራዊቷ ሴት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ስትናገር ነው።

እኛ ይህን ቃል ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቀባ፣ ቅባት፣ ቅብዐት፣ ቅቤ። እስቲ ቀስ ብላችሁ በሏቸው። አያቴ የበዓል ዋዜማ አናታችን ላይ ለጋ ቅቤ ታደርግልን ነበር። ፀሐይ ሲመታው ይቀልጥና በጆሯችን ጀርባ አድርጎ አንገታችን ድረስ ይወርዳል። መዝሙረ ዳዊት ላይ፣ በአሮን ራስ ላይ ፈስሶ ወደ ጢሙና ወደ ልብሱ አንገትጌ ስለሚወርደው ዘይት ሳነብ የሚታየኝ ያ ነው። መቀባት ማለት ጠብታ አይደለም። የሚፈስ ነገር ነው።

በእስራኤል ካህናት ይቀቡ ነበር፣ ነገሥታትም። እግዚአብሔር ኤልያስን ኤልሳዕን ነቢይ አድርጎ እንዲቀባው አዝዞታል። ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የዳዊት ነው። ሳሙኤል ዘይት የሞላ ቀንድ ይዞ ቤተ ልሔም ይመጣል። እሴይ ሰባት ልጆቹን ያሳልፍለታል። አንዱም አልተመረጠም። «ሌላ ልጅ የለህም?» ይለዋል። አለ፣ ታናሹ፣ በግ እየጠበቀ ነው። በግ ጠባቂው ተጠርቶ በወንድሞቹ ፊት ተቀባ። እስቲ ያን ልጅ አስቡት፣ ከሜዳ ሲገባ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

ይኸው ዳዊት በኋላ፣ ከእርሱ በፊት የተቀባው ንጉሥ ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው፣ እግዚአብሔር ሳኦልን ዋሻ ውስጥ እጁ ላይ ጣለለት። የልብሱን ጫፍ ቆረጠና ተወው። እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አላነሣም አለ። ሳኦል እንዲያ እያሳደደውም ዘይቱ ክብሩን አላጣም።

ማዕረጉ ለእስራኤላውያን ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ይገርመኛል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ላይ እግዚአብሔር የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስን «የቀባሁት» ይለዋል። ቂሮስ ባዕድ ነው፣ እግዚአብሔርን አያውቀውም። ነገር ግን የተማረኩትን ወደ አገራቸው የሚመልስ እርሱ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ግድም ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን አፈረሱ። የዳዊት ዙፋን ባዶ ሆነ። የሚቀባ ንጉሥ ሲጠፋ ቃሉ ወደ ፊት ማየት ጀመረ። የተቀባው ነው ሲባል የነበረው፣ የተቀባው ይመጣል ተባለ። ግን ምን ዓይነት? አንድ ዓይነት መልስ አልነበረም። በሙት ባሕር አጠገብ ከኩምራን ዋሻዎች የወጡት ጥቅልሎች ከአሮንና ከእስራኤል ስለሚመጡ መሲሖች ይናገራሉ፤ አንድ ካህን፣ አንድ ንጉሥ ማለት ነው። ብዙው ሕዝብ ግን በሮም ቀንበር ሥር ነበርና ሰይፍ የያዘ ነበር የናፈቀው።

ለዚህ ይመስለኛል ጴጥሮስ በፊልጶስ ቂሣርያ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ሲል ጌታ ለማንም እንዳይናገሩ ያዘዛቸው። ቃሉ ትክክል ነው። የሰሚዎቹ ጆሮ ግን ሌላ ነገር ለምዷል። ቀጥሎ ስለ መከራውና ስለ ሞቱ ሲነግራቸው ጴጥሮስ ራሱ ሊገሥጸው ተነሣ። የተቀባ እንዴት ይሞታል?

ታዲያ ኢየሱስ መቼ ተቀባ? ማን ቀባው? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር በመንፈስ ቅዱስና በኃይል ቀባው ይላል። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ቅብዐት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ በሚባሉ ሦስት ትምህርቶች አባቶቻችን ከ200 ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ሸዋ ተከፋፍለውበታል። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ እስኪፈርድ ድረስ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ በባዶ ነገር ተጣሉ ይላል። እኔ አልስማማም። በየቀኑ የሚጠሩትን ስም ትርጉም አጥብቀው የያዙ ሰዎች ነበሩ። ያዘንኩት በመካከል ለፈሰሰው ደም ነው።

እኔን ግን ሌሊት ያነቃኝ ሌላ ነው። በወንጌል ውስጥ በእጁ ዘይት ይዞ በጌታ ራስ ላይ ያፈሰሰ ሊቀ ካህናት የለም። ቀንድ የያዘ ነቢይም የለም። አንዲት ሴት ናት። ማርቆስ ምዕራፍ 14። ቢታንያ፣ የለምጻሙ ስምዖን ቤት። የአልባስጥሮስ ብልቃጥ ሰብራ የናርዶስ ሽቱ ራሱ ላይ አፈሰሰች። የነበሩት ሰዎች ተቆጡ፣ ከ300 ዲናር በላይ ያወጣ ነበር አሉ። 1 ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ዓመት የሚጠጋ ድካም በአንድ ጊዜ ፈሰሰ። እርሱ ግን ተዉአት አለ። ለመቃብሬ አስቀድማ ቀባችኝ አለ። ጴጥሮስ ሊሰማው ያልፈለገውን ነገር እርሷ በእጇ አደረገችው።

ማርቆስ ስሟን አልጻፈም። በቤተ ክርስቲያናችን ማርያም እንተ ዕፍረት ትባላለች። ልጅ እያለሁ ይህን ስም ስሰማ «እፍረት» ማለት መስሎኝ አዝንላት ነበር። ዕፍረት በግዕዝ ሽቱ ነው። የሰሙነ ሕማማት ረቡዕም በእርሷ ምክንያት የመልካም መዓዛ ቀን ይባላል።

ነጠላዬን እስካሁን አላጠብኩትም። ወለተ ክርስቶስ አፍ ስትፈታና ስሜ ምን ማለት ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከዳዊት በፊት፣ ከጴጥሮስም በፊት የምነግራት የዚህችን ሴት ታሪክ ነው።

ደህና ሰንብቱልኝ።